ምርጫ አንድ፣ ምርጫ ሁለት፣ ምርጫ ሦስት

አፈወርቅ ተክሌ በ15 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ሲላክ ምን እንደሚማር ተነግሮት ነበር፤ የማዕድን ምህንድስና። ዘመኑ ከጣሊያን ወረራ ማግስት፣ በፈረንጆቹ 1947 ነው። በጦርነቱ የተማረ ሰው ያለቀባት አገር የምትፈልገው ሐኪም፣ መሐንዲስና የሕግ ዐዋቂ ነበር። ልጁ ሌይተን ፓርክ በተባለው ትምህርት ቤት ሲማር ልቡ ግን ወደ ሥዕል ሸፈተ። ለንደን ውስጥ ሴንትራል ወደሚባለው የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ስሌድ ገባ። ማዕድኑ በዚያው ቀረ። ዛሬ አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የቆመው ግዙፍ የመስታወት ሥዕል የዚያ መሸፈት ውጤት ነው።

ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ቢሆን ቺካጎ ከሚገኘው የብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት በሕግ ከተመረቀ በኋላ ነው ፊቱን ወደ ቴአትር ያዞረው። ሕግ የተማረው ሰው የሚታወሰው በችሎት ሳይሆን በመድረክ ነው።

ሁለቱ ታሪኮች እስከ ዛሬ የሚወሩት ብርቅ ስለሆኑ ነው። የብዙኃኑ ዕጣ የተነገሩትን ተምሮ መመለስና የተሰጣቸው ወንበር ላይ መቀመጥ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለብዙ ዓመታት በእጃቸው ይዘው ቆይተዋል። ወደ ውጭ የሚላክ ተማሪ ሲሄድ ቤተ መንግሥት ገብቶ እጅ ይነሣል፤ ሲመለስም እንዲሁ። በዚያ ዘመን የትምህርት መስክ ሹመት ነበር ቢባል ብዙም አያጋንንም፤ ሹመት ደግሞ ይሰጣል እንጂ አይመረጥም። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሰባ ዓመት ታሪክ ከዚህ ልማድ ጋር ሲታገል፣ ሲሸነፍ፣ አንዳንዴም መልሶ ሲያቅፈው የኖረ ነው። ተማሪው ቅጽ ላይ ምርጫ አንድ፣ ምርጫ ሁለት፣ ምርጫ ሦስት ብሎ ይጽፋል። ቅጹን የሚያነበው ማን እንደሆነና መቼ እንደሚያነበው ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ሥራ ሲጀምር የምርጫው ዝርዝር አጭር ነበር። ኮሌጁን ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ሲሆኑ፣ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ቀደም ሲል በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ያስተማሩ ናቸው። ካህናት ቢሆኑም የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው በተራ ሱፍ ማስተማር ነበረባቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የፈቀዱት በዚህ ሁኔታ ነው። ዐራት ኪሎ ወደነበረው ኮሌጅ የገባ ተማሪ ከኪነ ጥበባትና ከሳይንስ አንዱን ይይዛል። ሌላ የፈለገ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ምህንድስናው የራሱ ኮሌጅ አለው፣ እርሻው በኦክላሆማ መምህራን እገዛ ዓለማያ ነው፣ የሕንፃ ሥራው ከስዊድን ጋር በተቋቋመው ተቋም ይሰጣል፣ የጤና መኮንንነቱ ጎንደር ነው። ሐኪም መሆን የፈለገ ደግሞ ቤይሩት ድረስ ይላካል። መስክ መምረጥ ማለት አገር መምረጥ፣ አንዳንዴም ባሕር መሻገር ማለት ነበር።

ይህን የተበታተነ ነገር አንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበው ከመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ በኋላ የመጣው ውሳኔ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደም የፈሰሰበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ሰጡ፤ ልክ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ስድስት ኪሎ ተመረቀ። የዩኒቨርሲቲውን ጥናት ያካሄደው ቡድን የመጣው ከአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከእርሱም ጋር አብረው የገቡት ቃላት ዛሬም ከተማሪው አፍ አልወጡም፤ ሴሚስተር፣ ክሬዲት አወር፣ ጂፒኤ፣ ሬጅስትራር፣ አድቫይዘር፣ አድ፣ ድሮፕ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍሬሽማን።

ፍሬሽማን የሚለው አሠራር ሐሳቡ ቀላል ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ኮርሶች ያሳልፋል፤ እንግሊዝኛውን ያጠናክራል፣ ሒሳብ ወይም ታሪክ ወይም ሳይንስ ይቀማምሳል፣ ከዚያ መስኩን ይመርጣል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ዓመት ለሀብታም ልጅ መንሸራሸሪያ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሌላ ትርጉም ነበረው። ከደብረ ማርቆስ፣ ከነቀምት ወይም ከዐድዋ የመጣ የገበሬ ልጅ በዓይኑ አይቶ የሚያውቃቸው ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ መምህሩ፣ ፖሊሱ፣ ድሬሰሩ፣ ምናልባት ዳኛው። ሶሲዮሎጂ የሚባል ነገር መኖሩን፣ ጂኦሎጂ ድንጋይ ከመስበር ሌላ መሆኑን የሚሰማው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። ለዚህ ልጅ አንድ ዓመት መቆየት ቅንጦት አልነበረም።

ያም ሆኖ ያ ዓመት ወንፊትም ነበር። በማትሪክ ያለፈ ሁሉ በፍሬሽማን አያልፍም። ነጥቡ ከ2.0 በታች የወረደ መጀመሪያ ዋርኒንግ፣ ካልተሻሻለም ስንብት ይደርሰዋል። የተረፉት ደግሞ በነጥባቸው ተሰልፈው ፋኩልቲና ዲፓርትመንት ይደርሳቸዋል። ከፍተኛ ነጥብ ያለው የፈለገውን ያገኛል፤ መሐል ላይ ያለው ሁለተኛ ምርጫውን፤ ታች ያለው ቅጹ ላይ ጨርሶ ያልጻፈውን ሊያገኝ ይችላል። ሰልፉ ሁሌም ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነጥብ አያዳላምና። ነገር ግን አንድ ልጅ በሒሳብ ስላገኘው ውጤት የሕግ ተማሪ እንዳይሆን መከልከሉ ለምን እንደሆነ ያስረዳ ሰው ጥቂት ነው። ለመምህርነት የተመደበው ተማሪ በብዛት ሌላ ቦታ ያልበቃው መሆኑም ያኔ የተተከለና አገሪቱ እስከ ዛሬ የምትከፍለው ዕዳ ነው።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአራተኛው ዓመት ፊት አንድ ዓመት ተጨመረ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በሚባለው መርሐ ግብር ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ማገልገል ግዴታው ሆነ፤ አብዛኛው የሚሄደው ለማስተማር ነው። ይህም ራሱን የቻለ ኮርስ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ማንም ያልመረጠው፣ ማንም ድሮፕ ማድረግ የማይችለው ኮርስ። የመሬት ስሪትን በመጽሐፍ ያነበቡት ወጣቶች ጭሰኛውን በአካል አገኙት፤ ተመልሰው ሲመጡ ግቢው ውስጥ የነበረው ክርክር መልኩን ቀየረ።

አብዮቱ ሲመጣ ምርጫ የሚለው ጥያቄ ራሱ ለጊዜው ተዘጋ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ዩኒቨርሲቲው ስሙን ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀይሮ፣ ለሁለት ዓመት ያህል በሩን ዘግቶ ቆየ። ሲከፈት የኮርስ ዝርዝሩ ውስጥ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ፍልስፍናና የፖለቲካ ኢኮኖሚ ገብተው ነበር፤ ኬሚስትሪ የሚማረውም ታሪክ የሚማረውም እኩል ይወስዳቸዋል። የውጭ ዕድሉ አቅጣጫም ወደ ሞስኮ፣ ወደ ምሥራቅ በርሊንና ወደ ሃቫና ዞረ። ተመራቂን ሥራ የሚመድበው መንግሥት ስለነበር ተማሪው ዲፓርትመንት ሲመርጥ ልቡ ያለው የድልድሉ ቀን ላይ ነበር። በዚህ መስክ የተመረቀ የት ይላካል? አዲስ አበባ ይቀራል ወይስ ጠረፍ ይወርዳል?

በነዚያ ሁሉ ዓመታት ያለ ነጥብ ሰልፍ የፈለጉትን መማር የሚቻልባት አንዲት ጠባብ በር ነበረች፤ የማታው ትምህርት። ኤክስቴንሽን ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ቀን በቢሮ የዋለ የባንክ ሠራተኛ፣ መምህር ወይም የመንግሥት ጸሐፊ ማታ ደብተሩን ይዞ ስድስት ኪሎ ይወጣል። ከፍሎ ስለሚማር የመረጠውን ይማራል፤ አቅሙ በፈቀደው ቁጥር ኮርስ ይወስዳል፣ ሥራ ሲበዛበት ይቀንሳል። አሜሪካኖቹ ያመጡት የክሬዲት አወር አሠራር በሐሳብ ደረጃ የታሰበለትን አገልግሎት በትክክል የሰጠው ለእነዚህ ሰዎች ነው። የቀኑ ተማሪ በሴክሽን ተመድቦ፣ የተዘጋጀ ፕሮግራም ተሰጥቶት፣ ከጓደኞቹ ጋር እኩል እየተጓዘ ነው ያደገው፤ አድ እና ድሮፕ የሚለውን ሕግ የሚያስታውሰው ኮርስ ሲወድቅ ብቻ ነው። የግል ኮሌጆች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሲበራከቱ ያገኙት ገበያ ያ የማታ በር አስቀድሞ የከፈተው ነበር፤ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኮምፒውተር፣ ሕግ።

ትልቁ መዞሪያ ግን የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። በእርሱ መሠረት የመሰናዶ ትምህርት የሚባል ነገር መጣ። 11ኛና 12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲው መንደርደሪያ ሆኑ፤ ፍሬሽማን ይሰጥ የነበረው ዕውቀት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወረደ ተባለ። ዕውቀቱ ወረደ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቤተ ሙከራ የሌለው የወረዳ ትምህርት ቤት ዐራት ኪሎ ይሰጥ የነበረውን ፊዚክስ እንዴት ይተካል? በ1996 ዓ.ም. ግን ለውጡ ተግባር ላይ ዋለ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወረደ፣ ምህንድስናም ከአምስት ወደ አራት ወርዶ ኋላ ላይ ወደ አምስት ተመለሰ። ፍሬሽማን ተሰረዘ።

የተሰረዘው ኮርስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም አያሳዝንም። ተማሪው የሚመርጥበት ዕድሜም ወደ ኋላ ተጎተተ። ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለው ጥያቄ 10ኛ ክፍልን ጨርሶ 11ኛ ክፍል ሲገባ፣ በ16 እና በ17 ዓመቱ ይቀርብለታል። ያችን መስመር የያዘ በኋላ መሻገር የለም። ቤተሰብ፣ ሰፈር፣ የታላቅ እኅት ምክር፣ የጓደኛ ግፊት ሁሉ የሚረባረቡት በዚያች ሰዓት ነው። ጎበዝ ተማሪ ሶሻል ከገባ እንደ ባከነ ይቆጠራል፤ ሐኪም መሆን እየቻለ ይባልለታል።

በዚያው ሰሞን ክፍያም መጣ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ኮስት ሼሪንግን ሕጋዊ አደረገ። ተማሪው በየዓመቱ ሲመዘገብ ውል ይፈርማል፤ ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል፣ ወይም መምህር ሆኖ በአገልግሎት ያካክሳል። ስለዚህ ያልመረጠውን ትምህርት የሚማር ተማሪ ያልመረጠውን ዕዳ ይፈርማል ማለት ነው። ዕዳውን ሳይከፍል ኦሪጅናል ዲግሪውን አያገኝም።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሰባ ሠላሳ መጣ። ከቅበላው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ጥናቶች እንዲሆን ተወሰነ። መስኮቹ ባንድ በሚባሉ ስድስት ክፍሎች ተሸነሸኑ፤ ምህንድስናና ቴክኖሎጂ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሕክምናና ጤና፣ ግብርና፣ ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ። የምህንድስናው ድርሻ ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው ይበልጥ ነበር። ፋብሪካው ገና ሳይተከል መሐንዲሱ ይደርስ ጀመር። ተማሪው ባንዱንና ዩኒቨርሲቲውን በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ሚኒስቴሩ ነጥቡን፣ ኮታውን፣ ጾታውን፣ የመጣበትን ክልል አይቶ ይመድባል። ለሴቶችና ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለሚመጡ ተማሪዎች መቁረጫ ነጥቡ ዝቅ ይላል። የሚያጠቡ እናቶች፣ ከባድ ሕመም ያለባቸውና መንትዮች ማስረጃቸውን አቅርበው በልዩ ሁኔታ ይታዩ ነበር። ስለ ፍላጎት ማመልከት የሚቻልበት ልዩ ሁኔታ ግን አልነበረም።

ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ምደባው ያስገኘውም ነገር አለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አገሪቱ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት አዲስ አበባና ዓለማያ ነበሩ። በኋላ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ ተከተሉ፤ ከዚያም በ13 እና በ10 እየሆኑ በየዙሩ ሌሎች ተጨመሩ። ምደባ ባይኖር ኖሮ ሁሉም አዲስ አበባን ብሎ አዲሶቹ ግቢዎች ባዶ ይቀሩ ነበር። የጎንደር ልጅ ዲላን፣ የወላይታ ልጅ ደብረ ብርሃንን ያወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በግቢዎች ውስጥ ግጭት ሲበረታ ግን ይኸው መበታተን ለወላጆች ሥጋት ሆነ፤ ምርጫ አንድ ላይ የሚጻፈው ለቤት የሚቀርበው ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ መስኩ ሁለተኛ ጉዳይ።

በዚያ ዘመን አዲስ ተማሪን የሚጠራውን ማስታወቂያ ያነበበ ሰው የአሠራሩን መንፈስ ይረዳዋል። ጽሑፉ በሁሉም ዩኒቨርሲቲ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። የ10ኛና የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ልጁ ይህን ሸክፎ መናኸሪያ ወርዶ፣ ሲኒየሮች ተቀብለውት፣ ሬጅስትራር ፊት ተሰልፎ ስሊፑን ይይዛል። ስሊፑ ላይ የሚወስዳቸው ኮርሶች አስቀድመው ታትመዋል። በ2005 ዓ.ም. ገደማ ሞጁላር የሚባለው አሠራር ሲመጣ ኮርሶቹ ይበልጥ ታሰሩ፤ ሥርዓተ ትምህርቱ በሁሉም ዩኒቨርሲቲ አንድ ሆነ፣ ኮርስ በብሎክ ተራ በተራ ይሰጥ ጀመር፣ ጥናቱም አንድ ለአምስት ተደራጀ። ኤሌክቲቭ የሚባለው ሳይቀር ብዙ ጊዜ በዲፓርትመንቱ የሚወሰን ነበር፤ መምህር ያለው ይከፈታል፣ ክፍሉም በሙሉ ያንኑ ይወስዳል።

ፍሬሽማን ከ16 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ተመራቂዎች መስካቸውን ቢያውቁም ከመስካቸው ውጭ ያለው ዕውቀታቸው ሳስቷል የሚለውን ቅሬታ ይዞ ነበር የመጣው፤ በ2012 ዓ.ም. የገቡት ተማሪዎችም የጋራ ኮርሶችን በመውሰድ ጀመሩ። ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ ጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ አካል ብቃት። የመደበኛው ዲግሪ ዓመት ወደ አራት ተመለሰ፤ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም ቀረ። ያዩት ሁሉ የድሮው ፍሬሽማን ነው ብለው ደስ አላቸው። በድሮው ግን ለመላ ዩኒቨርሲቲው የነበሩት ተማሪዎች ዛሬ አንድ ኮሌጅ አይሞሉም። አሁን አንድ መምህር ሎጂክ የሚያስተምረው ሴክሽን በሴክሽን እየዞረ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅም ያው የጥንቱ ቅጽ ይመጣል፤ ዲፓርትመንት በቅደም ተከተል፣ ነጥብ በሰልፍ።

ሰልፉን ራሱን የገለበጠው ፈተናው ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ኩረጃን ለመከላከል ሲባል፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ድረስ ተወስደው ተፈተኑ። ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ለወንበር ተማሪ ሲሰለፍ የኖረበት አገር በአንድ ጊዜ ወንበር ተማሪ የሚጠብቅበት ሆነ። ያለፉት የፈለጉትን ለማግኘት ከወላጆቻቸው ዘመን ይልቅ ቀለላቸው። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀመረ፤ ተማሪ በገዛ ማመልከቻው የሚጠይቀው፣ ተቋሙም ራሱ የሚቀበለው ሆነ።

የቀሩት ወንበሮች የተሞሉት በሬሜዲያል ነው። 50 ያላመጡ ግን የተሻለ ነጥብ ያላቸው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ምደባቸውን በቴሌግራም ቦት ላይ አይተው፣ አንሶላና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ይገባሉ። የተፈጥሮ ሳይንሱ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ ደግሞ ጂኦግራፊና ታሪክን ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ጋር ይከልሳል፤ ከዚያ ይፈተናል። ያለፈ ፍሬሽማን ይሆናል። ፍሬሽማኑን የጨረሰ ዲፓርትመንት ይመርጣል። በሰባ ሠላሳው ዘመን የገባ ተማሪ በሦስተኛ ዓመቱ ጋውን ተከራይቶ ፎቶ ይነሣ ነበር፤ የዛሬው የሬሜዲያል ተማሪ በግቢው ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ የመስኩን የመጀመሪያ ኮርስ ገና መውሰድ ይጀምራል።